ሲሞቅ የሚንጣጣው ራዲዮ

ጥቅምት 9

ለውድ አጎቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎም ቤትዎም በሙሉ ጤና እንድትሆኑ ምኞቴ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጋሼ፣ መጨረሻ የጻፍኩልዎ የእማማን ሞት ለማርዳት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በጉዳይ መምጣቴ እንደሚያሳፍረኝ ይወቁልኝ።

ሥራዬ ያው ነው፤ ጥርስ እሠራለሁ። ሐኪሙ የሰዉን አፍ ለክቶ ይልክልናል፣ እኛ ደግሞ ድዱንና ጥርሱን ሠርተን እንመልስለታለን። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር አጎንብሼ ስፍቅና ስሞርድ እውላለሁ። እጄ ለትንንሽ ነገር አይንቀጠቀጥም። ይህን የምነግርዎ በምክንያት ነው።

አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ የድሮ ራዲዮ አላቸው። የእንጨት ሳጥን፣ አምስት አምፖል፣ ከላይ ሁለት የአሉሚኒየም ጣሳ የሚመስሉ ነገሮች ያሉበት። ሽማግሌው በየማለዳው አቧራውን በጨርቅ ይጠርጉታል እንጂ አይከፍቱትም። አንድ ቀን ወጣ ሲሉ ጠብቄ እኔው ከፈትኩት። መጀመሪያ ጥርት አድርጎ ተናገረ። ሁለት ሰዓት ያህል ሲቆይ ግን መንጣጣት ጀመረ፤ እርጥብ እንጨት እሳት ውስጥ ሲገባ እንደሚለው። አጥፍቼ ሲቀዘቅዝ ዳነ። እንደገና ሲሞቅ ያው ነው።

እዚህ ለአንድ ጠጋኝ አሳየሁት። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ጣዪውና አዲስ ግዢ» አለኝ። ተናደድኩና ይዤው ወጣሁ። ምን ላድርግ ጋሼ? ስልክ እንደማይወዱ ስለማውቅ ነው በወረቀት የምጠይቅዎ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 12

ለቁንጫዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፤ ዓይንሽንም ያቆይልሽ፣ በዚያ ሥራ ዓይን ነው የሚያልቀው። ቁንጫ ማለቴን አትቀየሚ። አንድ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ ተቀምጠሽ ስለማታውቂ ያወጣሁልሽ ስም ነው፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች ብባል ማመን አቃተኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ሱቁ ከነአቧራው አለ። ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣና «ይሄንንስ ትሠራለህ?» ይለኛል፤ «አልሠራም» እለዋለሁ፤ ግራ ቀኝ አይቶ ይሄዳል። በወር ሁለት ሦስት ራዲዮ አይጠፋም። ስልኩን በተመለከተ ልክ ነሽ። ስልክ ላይ ስዕል አይሣልም፣ እኔ ደግሞ ሳልሥል ማስረዳት አልችልም።

ያ ጠጋኝ ያለሽን እርሺው። ክዳን ሳይከፍት የሚፈርድ ሰው ጠጋኝ አይደለም። ነገር ግን እኔም ሳላይ አልፈርድም። የራዲዮውን ሆድ ገልብጠሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ከመክፈትሽ በፊት ከግድግዳው መንቀልሽን ሁለት ጊዜ አረጋግጪ። ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ኤሌክትሪክ ያቆራል፤ ግማሽ ቀን ይረፍ።

ሌላም ነገር እይልኝ። በስተቀኝ፣ ከውስጥ፣ ብረቱ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ? ካለ ያለውን እንዳለ ገልብጪልኝ።

እግረ መንገድሽን የሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽር ካየሽ አስቢኝ፤ የኔው ተጫጭሯል። በቤት ላሉት ሁሉ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 6

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ የቁንጫዋ ነገር ጮክ ብዬ እንድስቅ ስላደረገኝ አለቃዬ ዞራ አየችኝ። ፎቶዎቹን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። መነጽሩም በሌላ ጥቅል ይደርስዎታል።

ጽሑፉን አገኘሁት። በእርሳስ ነው፣ ሦስት ቀኖች አንዱ ከአንዱ ሥር ተጽፈዋል፤ መስከረም 14፣ ኅዳር 2፣ ኅዳር 27። ከእያንዳንዳቸው ጎን ትንሽ ክብ አለች፣ ውስጧ ነጥብ። ያቺን ክብ አውቃታለሁ ጋሼ። ሱቅዎ ውስጥ በየራዲዮው ሆድ ሲሥሏት ከጉልበትዎ ሥር ቆሜ አይ ነበር።

እርስዎም ገና ሲያነቡት እንዳወቁ ይገባኛል፤ ባያውቁ ኖሮ «በስተቀኝ» አይሉኝም ነበር። ሽማግሌው አባባ ናቸው። እማማ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን መተው ስላልሆነልኝ ወደዚህ አመጣኋቸው። በአውሮፕላኑ ለሻንጣቸው ክብደት ልክ ሲወሰን ካፖርታቸውን አውጥተው ራዲዮውን ከተቱ። «ለምን አባባ? አይሠራ!» ብላቸው «ይቀመጥ» ብቻ አሉኝ። የልብስ ስፌቱን ትተውታል። እዚህ የገዛሁላቸው የስፌት መኪና ጥግ ላይ ተሸፍኖ አለ። ከመስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፣ ይውላሉ። አንዳንዴ «ውሃው ይንጠባጠባል ወይስ ለኔ ብቻ ነው?» ይሉኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ይጠይቃሉ፤ በር ተንኳኳ ወይስ ለኔ ብቻ ነው፣ ሰው ጠራኝ ወይስ ለኔ ብቻ ነው። ለእርስዎ መጻፌን አያውቁም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። እርስዎና አባባ በተኮራረፋችሁ ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። ራዲዮው ከእርስዎ ተመልሶ መጥቶ እንደገና ሲንጣጣ አባባ በጣም ተናደዱ። እኔ ላስደስታቸው ብዬ፣ ማንም ሳያይ በፀጉር ማስያዣዬ ከጣሳው አናት ላይ ያለችውን ብሎን አዞርኳት። ከዚያ ድምፁ ደከመ። ሦስተኛ ጊዜ ይዘውት ወደ እርስዎ መጡ፤ ሊወስዱት በተመለሱ ቀን ነው የተጣላችሁት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አባባ ደህናውን ዕቃ አውጥተህ አሮጌ ከተትክበት ሲሉዎት ሰምቻለሁ። እርስዎም «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አሉ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ራዲዮ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ። ሁለት ወንድማማቾችን ያለያየሁት እኔ ነኝ።

ይቅር ይበሉኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 29

ለውድ አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል? የታኅሣሡን ደብዳቤዬን አላገኙት ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። አግኝተውት ከሆነና ተቀይመውኝ ከሆነ፣ እሱንም ቢሆን ይጻፉልኝ። ባዶውን የፖስታ ሣጥን መክፈት ሰልችቶኛል። መነጽሩስ ደረሰ?

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 20

ለቁንጫዬ፣

ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ ፖስታ ቤቱን አትውቀሺ። መልስ ጀምሬ ቀድጄ፣ ጀምሬ ቀድጄ ነው እዚህ የደረስኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።

መጀመሪያ ያንቺን ልጨርስ። ብሎኗን ያዞርሽው አንቺ መሆንሽን የዚያኑ ዕለት አውቄያለሁ። የታሸገችበት ሰም ተሰንጥቆ ነበር፣ የፀጉር ማስያዣሽም ጫፍ ተሰብሮ እዚያው ቀርቷል። በዚያ ሰፈር ፀጉሯን በቀይ ማስያዣ የምትይዝ አንዲት ቁንጫ ነበረች። ያዞርሽው ሩብ ዙር ነው። ወደ ቦታዋ ለመመለስ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ከሰው ጋር እያወራሁ ነው የሠራኋት። አሁን ቀኖቹን ተመልከቺ። መንጣጣቱን ይዞ መጀመሪያ የመጣው መስከረም 14 ነው። አንቺ የነካሽው ከኅዳር 2 በኋላ ነው። ያልነካሽው ራዲዮ እንዴት አድርጎ ባንቺ ይታመማል? ለሩብ ዙር ብሎን ሃያ ዘጠኝ ዓመት! ምነው ያኔ ጠይቀሽኝ ቢሆን ልጄ።

አሁን ወደ በሽታው። ጣሳው ውስጥ ሁለት ጥቅልል ሽቦዎች አሉ፣ አይነካኩም። የመጀመሪያው የተቀበለውን ሁለተኛው በአየር ላይ ይቀበለዋል፤ ሁለቱም አንድ ልክ ላይ ከተቃኙ ጣቢያው ጠርቶ ያልፋል። ከጣሳው ግርጌ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የማይካ ቅጠል አለ፣ ሁለት ቦታ ላይ ብር የተቀባ። በዓመታት ብዛት ያ ብር በቅጠሉ ላይ እየሳበ ሥር ያበጅና ወደማይነካው ወገን ይሻገራል ብዬ ነው የምጠረጥረው። ሲሞቅ ይሻገራል፣ ሲቀዘቅዝ ይቋረጣል።

እንዲህ አድርገሽ እዪው። ራዲዮው ከግድግዳ ተነቅሎ ሳለ፣ ከሁለተኛው ጥቅልል የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ከታች ፍቺ። ከዚህ ጋር በመለስኩልሽ ፎቶ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። የቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ አንድ ጫፍ ከፈታሻቸው ሽቦዎች በአንዱ ላይ በመቆንጠጫ ያዢ፣ ሌላውን ከብረቱ ሳህን ጋር። ከዚያ ሰኪው። ከተሰካ በኋላ አንድ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ፤ ይህ ቀልድ አይደለም፣ በሁለት እጅ የነካ ሰው ልቡን ነው የሚያስነካው። መርፌው ባለበት ከተቀመጠ ተሳስቻለሁ። ሲሞቅ ከተንቀሳቀሰ ብሩ ተሻግሯል።

ስለ መነጽሩ አመሰግናለሁ፣ ደርሷል። ሌላ ዕቃ አትላኪልኝ። ይልቅ ስለ አባትሽ ንገሪኝ፤ ደረጃ ይወጣል? ጉልበቱስ እንዴት ነው? ምግብ ይበላል?

ሌላም የምጽፈው ነበር። ለዛሬ ይብቃኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 15

ለውድ አጎቴ፣

እንደምን አሉልኝ? እኔ ከደብዳቤዎ ወዲህ ቀሎኛል። የሩብ ዙሯን ነገር ሳነብ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፣ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። እየሳቅኩ ነው ወደ ኋላ በእግሬ የተመለስኩት።

ሙከራውን እሑድ ከቀትር በፊት አደረግኩት። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ፎጣ አንጥፌ ራዲዮውን በጎኑ አስተኛሁት። አባባ ከክፍላቸው ወጥተው ሲያዩኝ «ማን ንኪው አለሽ?» አሉኝ። «ጋሼ ናቸው» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?  ከዚያ ወንበር ስበው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

አንድ እጄ ኪሴ ውስጥ፣ ዓይኔ ቴስተሩ ላይ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ መርፌው ንቅንቅ አላለም።  አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲሆን መርፌው ዘለል ብሎ ተመለሰ። ዓይኔ ነው ብዬ አለፍኩት። ያን ጊዜ አባባ «ተንቀሳቀሰ ወይስ ለኔ ብቻ ነው?» አሉኝ። «ተንቀሳቅሷል አባባ» አልኳቸው። እንደገና ዘለለ፣ ከዚያ እየደጋገመ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ነቅዬ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ጣሳውን ከፈትኩት። በሥራ ቤታችን ማጉያ አየነው። ማይካው ላይ ብሩ ጠቁሮ፣ እንደ ሥራ ሥር ቀጭን ቀጭን መሥመር አውጥቶ ተሻግሯል። ቅጠሉ ከነመያዣው ከፋብሪካው የወጣ ነው፤ ማንም አውጥቶት እንደማያውቅ ያስታውቃል። አባባ ማጉያውን ከእጄ ተቀብለው ብዙ አዩት። «አሮጌ አልተከተተበትም» አሉ። ከዚያ ተነስተው ክፍላቸው ገቡ።

ስለ አባባ ለጠየቁኝ፤ ደረጃ ይወጣሉ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዴ ያርፋሉ። ጉልበታቸው ጠዋት ጠዋት ይይዛቸዋል። ምግብ ይበላሉ፣ ጥርሳቸውን እኔ ነኝ የሠራሁላቸው።

ቀጥሎ ምን ላድርግ?

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 8

ለቁንጫዬ፣

በጤና ቆዪኝ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ፣ ዛሬ እመልሳለሁ፤ ካደርኩ እንደገና እቀደዋለሁ።

ይህን ለሱ አንብቢለት። እኔ ለሱ ልጽፍ ወረቀት ይዤ ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፋብኝ።

ሦስተኛ ጊዜ ራዲዮውን ያመጣው ጊዜ፣ ሠርቼ ከፍቼው ሳላጠፋው ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ከበሩ ጀምሮ ይንጣጣ ነበር። ሰምቼዋለሁ። በእጄ መታ ሳደርገው ዝም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩት፣ ሽቦ በሽቦ፣ አምፖል በአምፖል። አላገኘሁም። ያኔ ስለዚህ የብር ነገር የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «እሱ የማይሠራው ራዲዮ የለም» የሚለኝ ጊዜ ነው። ወንድሜ ሲመጣ ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። «ይንጣጣል አይደል?» አለኝ። አልቻልኩም ብዬ ባምን ምን ነበረ? እኔ ግን «ራዲዮው ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ጆሮህ ላይ ነው፣ ታከም» አልኩት። በሰው ፊት። ደንበኞቹ ሳቁ። ሌባ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ በር ላይ ስትደርሺ የሰማሽው ሁለተኛውን ግማሽ ነው።

ደግሞ የባሰውን ልንገርሽ። የብሩን በሽታ ካወቅሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አንድ ሌላ ራዲዮ ላይ አየሁት፣ ወዲያው የማን ራዲዮ እንደነበረ ገባኝ። የዚያኑ ቀን ሄጄ በሩን ላንኳኳ ተነሳሁ። መንገዱ ግማሽ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ከዚያ በየዓመቱ እየከበደ ሄደ። ያ ሁሉ «ለኔ ብቻ ነው ወይ» የሚለው የኔ ሥራ መሆኑን ከደብዳቤሽ ሳነብ ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። ለዚህ ነው እስከ መጋቢት ዝም ያልኩሽ።

ወንድሜ ሆይ፣ ጆሮህ ደህና ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሥራው ደግሞ እንዲህ ነው። የማይካውን ቅጠል ቆርጠሽ አውጪው፤ በየጥቅልሉ ጫፍና ጫፍ በቅጠሉ ፋንታ አንዳንድ ትንሽ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የምትይዝ ዕቃ፣ በይጂ፣ ከመቶ አሥር ፒኮፋራድ መጠን ጀምሪ። በሁለቱም ጣሳ እንደዚያው። ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል፣ የመበየጃ ካውያሽ ብዙ አይቆይበት። የፈታሻቸውንም ሽቦዎች ወደ ቦታቸው መልሺ። ከዚያ መቃኘት ነው። ብሎኖቹን በብረት ካቻቢቴ እንዳትነኪ፤ ብረት ሲጠጋቸው ልካቸው ይለወጣል፣ ሲያወጡት ደግሞ ይመለሳል፣ ያታልልሻል። ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት ዘንግ ጥረቢ። ደከም ያለ ጣቢያ ያዢ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጊው፤ ጆሮ ጩኸት ላይ ልዩነት አይለይም። ከኋለኛው ጣሳ ጀምረሽ ወደ ፊተኛው ነይ። ድምፁ ከፍ ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር መልሺ። እንቢ ያለሽን ብሎን አታስገድጂ።

አጎትሽ


ሰኔ 3

ለውድ አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ደብዳቤውን ከራት በፊት አነበብኩላቸው። «ችግሩ ያለው ጆሮህ ላይ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩ። አባባ «ቀጥዪ» አሉኝ። «ጆሮህ ደህና ነበር» የሚለውን ሳነብ «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «አንዴ ደግሞ» አሉ። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት ጋሼ። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ቢያዩ! ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ በሳቅ ፈነዱ። ዓይናቸው እስኪያነባ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ። «ይንጣጣ ነበር! ብያችሁ ነበር! እናትሽንም ብያት ነበር!» አሉ። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሁለት ጊዜ ብቻቸውን ሄደው እንደነበር ያን ጊዜ ነገሩኝ። ሐኪሙ ምንም የለብዎትም ቢላቸው ጭራሽ ያበድኩ መሰለኝ አሉ። እማማ እንኳ አታውቅም ነበር።

ሲስቁ ቆይተው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔም ሌባ ብዬዋለሁ እኮ» አሉ።

ቅዳሜ ሥራ ጀመርን። የመቃኛውን ዘንግ የሠራሁት ለሰው ሠራሽ ድድ ከምንጠቀምበት ፕላስቲክ ነው፣ ስለዚህ ሮዝ ነው። አባባ «ይሄ የማን ድድ ነው?» እያሉ ሲያስቸግሩኝ ዋሉ። ካፓሲተሮቹን በየድኩ፤ አንዱን ሽቦ በጥሼ እንደገና መቀጠል ነበረብኝ፣ ላቤ አንገቴ ላይ ወረደ። ጥርስ ቢሆን ቢበላሽ ሌላ ይሠራል።

ስንከፍተው ይሰማል፣ ግን ከትራስ ሥር እንደሚናገር ሰው ነበር። አንድ የሩቅ ጣቢያ ያዝኩ፣ አንዲት ሴት የአየር ሁኔታ ታነባለች። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ብሎኗን ማዞር ስጀምር ግን ልዩነቱ አይገባኝም፤ የጨመረ ይመስለኛል፣ የቀነሰ ይመስለኛል። አባባ ከወንበራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ጨምሪ» አሉ። ጨመርኩ። «ገና ነው። ገና ነው። ቀስ። አለፍሽው፣ መልሺ። እዚያ ላይ ተዪው!» አራቱንም ብሎኖች እንዲሁ ነው ያስቃኙኝ፤ እጄን እንኳ አላዩም። አራተኛዋ ላይ ሴትየዋ እዚሁ ክፍል ውስጥ ያለች መሰለች፤ ትንፋሿ ይሰማል።

አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን።  ከተከፈተ አራት ሰዓት ተኩል ሲሞላው አባባ «ምንም የለም» አሉ። ጠየቁኝ አይደለም ጋሼ። ነገሩኝ።

ከዚያ ወረቀት ጠየቁኝ። የጻፉትን አላነበብኩም፤ እንዳለ ከዚህ ጋር ከትቼዋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 3

ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ልጅቷ ጥሩ አድርጋ ትይዘኛለች።

ራዲዮው ይናገራል። ትናንት ቀኑን ሙሉ፣ ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ። ዋሸሁ ብለህ የጻፍከውን ሲነበብልኝ ሰምቻለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት መንገዱ ግማሽ ላይ ቆመህ ቀርተሃል አሉኝ። እኔም አንድ ሦስት ጊዜ በሱቅህ በኩል አልፌያለሁ፣ በማዶ በኩል፣ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ። አንተም አጎንብሰህ ነበር።

ሌባ ያልኩህን ቃል ልብስ ቢሆን ተርትሬ እንደገና እሰፋው ነበር። ቃል ሆነና አልሆነም። በሰው ፊት ነው ያልኩት፤ ያ ሰው አሁን የት እንዳለ ባላውቅም ይቅር በለኝ። አንተንም ይቅር ብያለሁ። ከልቤ ነው።

የስፌት መኪናውን ዛሬ ገለጥኩት። ዘይት ይፈልጋል እንጂ ይሠራል። ለኮትህ የሚሆን ጥሩ ግራጫ ሱፍ ጨርቅ አይቻለሁ። የትከሻህን፣ የደረትህን፣ የወገብህንና የእጅህን ልክ በሜትር አስለክተህ ላክልኝ። ወገብህን ሳትደብቅ ላክ። ሆድህን ወደ ውስጥ ስበህ ያስለካህ እንደሆን ኮቱ ይነግርብሃል።

ወንድምህ


ሰኔ 29

ለወንድሜ፣ ለቁንጫዬም፣

ሁለታችሁንም በጤና ያቆያችሁ።

ደብዳቤው ሲደርሰኝ አንድ ደንበኛ ራዲዮውን ሊወስድ ቆሞ ነበር። «ምን ሆኑ?» አለኝ። «ወንድሜ ጽፎልኝ ነው» አልኩት። «ወንድም አለዎት እንዴ?» አለኝ። «አለኝ፣ ታላቄ ነው» አልኩት። ሰውየው ምን እንደነካኝ ሳይገባው ሄደ።

ወዲያውኑ ማዶ ካለው ጫማ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ፣ ሜትር ያለው እሱ ነው። ቀጥ ብዬ ቆምኩለት። ሲለካኝ «ትንፋሽዎን ይልቀቁ እንጂ ጌታዬ» አለኝ፤ ለቀቅኩት።

ትከሻ አርባ አምስት። ደረት መቶ ሁለት። እጅ ስልሳ አንድ፤ ግራው በግማሽ ሳንቲም ይበልጣል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ወገብ መቶ አሥራ አራት። አዎ፣ መቶ አሥራ አራት። እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ።

ወንድምህ